የጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ፒክአፕ ስንት ያወጣል?

ሚያዝያ 12 ቀን 1996፣ ቦንጋ

ልጄ ህይወት ለፋሲካ ከአዋሳ መጥታ ስትመለስ ይህን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ሄደች። «እማዬ፣ ብቻሽን ስትሆኚ መብሰልሰል ታበዣለሽ። ማታ ማታ የምታመሰግኚበትን ነገር ጻፊ» አለችኝ። ኮሌጅ የገባ ልጅ እናቱን ማስተማር ይወዳል። እሺ፣ እንጻፍ።

ዛሬ የማመሰግነው ስለ ማሩ ነው። ከማንኪራ የመጣው ነጭ ማር ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፤ ረጅሙን ማንኪያ እስከ ባልዲው ሥር ሰድጄ ቀምሼዋለሁ። ዝናቡም ቦንጋ እስክንገባ ታግሶናል።

ያመጡልኝ እንደ ወትሮው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፣ በዚያች ነጭ ፒክአፓቸው። ነጭ ነበረች ማለቴ ነው። ዛሬ ግን መንገድ ላይ ቶሎ ቶሎ እያቆሙ ወረዱ። «ጎማ ልይ» ብለው ከዛፍ ጀርባ ይሄዳሉ፤ እዚያው ይቆያሉ። እኔ ጉሬዛ የማደንቅ መስዬ ጫካውን አያለሁ። ሲመለሱ ግንባራቸው በላብ ርሷል። ከዛፍ ጀርባ ጎማ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቤቴ በር ላይ ማሩን ካወረድን በኋላ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ «ብርቄ፣ መኪናዋን ልሸጥ ነው። ላንቺ» አሉኝ።

«ለኔ?»

«መንጃ ፈቃድ አውጥተሽ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠሽ የለ? ከእንግዲህ ማሩን ራስሽ ታመላልሻለሽ።»

«ስንት ይላሉ ታዲያ?»

«ትክክለኛ ዋጋዋን።»

«ትክክለኛ ዋጋዋ ስንት ነው?»

«እሱን ነዋ መፈለግ ያለብን» ብለው ሄዱ።

ሚያዝያ 15

ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ በዛወርቅ ሱቄ መጡ። ማር የሚገዙ መስለው ሰው እስኪወጣ ጠበቁ፤ ከዚያ ነገሩኝ። የወንድ በሽታ ነው፣ ሽንት የሚከለክል። እዚህ ያለው ሐኪም፣ «ጅማ ሄደው ቀዶ ሕክምና ካላደረጉ አንድ ቀን ጨርሶ ይዘጋል፤ ክረምቱ መንገዱን ሳያበላሸው ይሂዱ» ብሏቸዋል።

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?» አልኩ።

«መኪናዋ ትሸጥ ይላል። በሰው ገንዘብ አልታከምም፣ ለልጆቼም ዕዳ አልተውም ይላል። በትክክለኛ ዋጋ ካልተሸጠች ንቅንቅ አልልም ይላል።» እጄን ያዙኝ። «ብርቄ፣ በናትሽ ቶሎ ግዥው።»

ነገሩ በኔ እጅ ወደቀ ማለት ነው። ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። ባይነግሩኝም ደስ ይለኝ ነበር፣ እሱንም ልጻፍ።

ሚያዝያ 19፣ ማታ

መኪናዋን ለማየት ሄድኩ። እኔ የማውቀው ማር መገመት ነው። አጭበርባሪ ነጋዴ ጥሩውን ከላይ፣ ሰፈፉን ከሥር ያደርጋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሥር እጀምራለሁ። መኪናዋንም እንደዚያው አደረግሁ፤ ካርቶን አንጥፌ ከሥሯ ገባሁ። እትዬ በዛወርቅ ከበረንዳ ሆነው «አንቺ ልጅ ልብስሽ!» እያሉ ጮሁ።

ሻሲዋ ሁለት ቦታ ተበይዷል። የኋላው ባሌስትራ ተሰብሮ ተጠግኗል። የጭነቱ ወለል ዝጓል። ጎማዎቹ ግን አዲስ ናቸው፤ እነዚያ እንደ ፀጉር ያሉ ላስቲኮች እንኳ ገና አልረገፉም። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ፤ ጭሱ ትንሽ ነው። ኪሎሜትር ቆጣሪው ሦስት መቶ ሺህ አልፎ ቆሟል። መቼ እንደቆመ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን ብጠይቃቸው «ባልሽ ከመሞቱ በፊት» አሉኝ።

ከዚያ «ግቢና መሪውን ያዥ» አሉኝ። እሳቸው ከጎኔ ሊቀመጡ የተሳፋሪውን በር ከፈቱና ተውት። በመስኮቱ በኩል ቆመው አወሩኝ።

«ስንት በሽተኛ ወደ ጅማ ወሰድኩባት መሰለሽ። ስንቱንስ ከጅማ አመጣሁ። ባልሽን አመጣሁ። የቄሱን ልጅ አመጣሁ። የሺሺንዳውን ጨርቅ ነጋዴ አመጣሁ። ያቺን የማንኪራ ልጅ፣ የሺሃረግን፣ ጥር ላይ ሆዷ አብጦ ወሰድኳት። ናና አምጣት ያለኝ የለም እስካሁን።»

የተሄደውን ኪሎሜትር እያሰሉልኝ መስሎኝ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ሌላ ሻጭ ይህን ይደብቃል። ሐቀኛ ሰው ናቸው።

ባሌን ሀብተሥላሴን ያመጡልኝ ጊዜ ሐምሌ ነበር። ከጅማ ስንነሳ ዝናብ፣ ጎጀብ ስንደርስም ዝናብ። ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲቀበር ወርደው በአካፋ ይቆፍራሉ፤ እኔን አንድ ጊዜ እንኳ ውረጂ አላሉኝም። ባሌን ሬሳ ብለው አልጠሩትም። «መምህርን ቀስ አድርገን እናሻግረው» ነበር የሚሉት፣ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ይመስል። ቤት ስንደርስ ሒሳብ ስጠይቃቸው አልሰሙኝም። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ ስለገባ እግዚአብሔር ይመስገን።

ታዲያ ይህን ሰው ዋጋ ይቀንሱልኝ እንዴት እላለሁ? ደግሞ ገንዘቡ ከማር የተጠራቀመ ነው፤ የህይወት ትምህርትም ገና አላለቀም። ያ የተበየደ ሻሲ ማንኪራ መንገድ ላይ ቢበጠስስ? ውለታውን ሳስብ ምንም ዋጋ አይበቃም፤ ከሥር ያየሁትን ሳስብ ሁሉም ዋጋ ይበዛል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሚያዝያ 23

ቸኩያለሁ። የማር ቀን ነው። ሚሊዮን መካኒኩን ያዝኩት።

«እትዬ፣ ሞተሯ ጤነኛ ነው። ፍሪሲዮኑ ብዙ አይቆይም። ሻሲው ያሳስባል።»

«ስንት ታወጣለች?»

«እሱን እኔን አትጠይቂኝ።»

«መካኒክ አይደለህ?»

ሱሪውን ሰብስቦ ቅልጥሙን አሳየኝ። ክሪክ ከድቶት መኪና ሲወድቅበት ጅማ ያደረሱት ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። «በዚህ እግር ቆሜ የሳቸውን መኪና አላጣጥልም» አለ።

ይኸው፣ የማመሰግነው የሚሊዮን እግር ስለተረፈ። ዋጋውን ግን አላገኘሁም።

ሚያዝያ 28

ከጅማ አንድ ደላላ መጣ። ወሬው እንዴት እንደደረሰው እንጃ። መኪናዋን አንዴ ዞራትና «ስልሳ ሺህ» አለ። እኔ ከዚያ አልደርስም። እትዬ በዛወርቅ ግን ፊታቸው በራ።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ «ሻሲዋን አይተሃል?» አሉት።

«ቀለም ይሸፍነዋል አባባ።»

«ቆጣሪዋስ?»

«እሱ ቀላል ነው፤ አሠርተን ወደ ኋላ እንመልሰዋለን።»

«እንግዲያው ስልሳ ሺህ የውሸቱ ዋጋ ነው፣ የመኪናዬ አይደለም» ብለው ሸኙት።

እኔ በሳቸው ኮርቼ እንባዬ መጣ። ዛሬም እንዲህ ያለ ሰው አለ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እትዬ በዛወርቅ አላመሰገኑም፤ ወደ ጓዳ ገብተው ቀሩ።

ግንቦት 4

በአገራችን ውርስ ሲካፈሉም ሆነ ዘመድ ለዘመድ ቤት ሲሸጥ ሦስት ገማች ይመረጣል፤ ገማቾቹ ያሉት ይጸናል። እኛም እንደዚያ ይሁን ተባባልን። ከእድሩ አቶ ኢያሱና እትዬ አልጋነሽ ተመረጡ። ሚሊዮንም እያጉረመረመ ገባ።

መኪናዋን አዩ፣ ወደ ጓሮ ሄደው ተማከሩ፣ ተመለሱ። አቶ ኢያሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሃምሳ አምስት ሺህ» አሉ። ሚሊዮን መሬት መሬት ያያል። ትንሽ በዛ፤ ከአቅሜም ከመኪናዋም በላይ ነው። ቢሆንም ወዲያው «ተስማምቻለሁ» አልኩ። አለቀ ብዬ እፎይ አልኩ።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ግን ገማቾቹን አንድ በአንድ ያዟቸው። «ኢያሱ፣ በወባ ስትንቀጠቀጥ ጅማ ማን ወሰደህ?»

«አንተ።»

«አልጋነሽ፣ ምጡ ሲጠናብሽስ?»

«አንተ ነህ፣ ዕድሜህ ይርዘም።»

«ሚሊዮንን አልጠይቀውም። ሦስታችሁም ተሳፋሪዎቼ ናችሁ። ይህ ግምት አይደለም፣ ውለታ ነው። በመኪናዬ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው አምጡልኝ።»

እትዬ አልጋነሽ፣ «ቦንጋ ውስጥ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ግንቦት 7

ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ፍለጋ ላይ ነኝ። የባንኩን ልጅ ጠየቅሁት፤ አምና አውቶቡስ ተበላሽቶበት ከጊምቦ አምጥተውታል። ፎቶ አንሺው ለሠርግ ስንት ጊዜ። ፖሊሱ እስረኛ ይዞ፤ እስረኛውም ያው ተሳፍሯል። ፀጉር ሠሪዋ ካውያዋን ሁሉ ይዛ ነው የተሳፈረችው። ቄሱን መጠየቅ አፈርኩ፤ የልጃቸው ነገር አለ።

በመጨረሻ ተገኘ። መምህር ዋለ፣ መስከረም ላይ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የሒሳብ አስተማሪ። የትም በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ሰውም ይስቅበታል። ለእግሩ እግዚአብሔር ይመስገን።

ግንቦት 11

ተዘጋባቸው። ጠዋት። ጩኸታቸው እኛ ሰፈር ተሰማ። እሳቸው የማይጮሁ ሰው። ሚሊዮን ነድቶ እዚሁ ቦንጋ ሆስፒታል። እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ። እሳቸው ከኔ ጋር፣ ፍራሽ ላይ። ጋቢና አልገባም ብለው።

ቱቦ አስገቡላቸው። ተነፈሱ። ተመስገን፣ ተመስገን።

ሐኪሙ ተቆጣ። እንደገና ከተዘጋ ኩላሊት ይነካል፤ ቱቦውም ራሱ ይመረቅዛል፤ ምንድነው የምትጠብቁት? አለን።

«ዋጋው ይለቅ እንጂ በማግስቱ እሄዳለሁ» አሉት።

ሐኪሙ እኔን አየኝ። ሁሉም ሰው እኔን ያየኛል።

ግንቦት 14

መምህር ዋለ መጣ። አሠራሩ እንደ ክፍል ነው። በመጀመሪያ እንደዚህች ያሉ መኪኖች ጅማ ስንት እንደሚሸጡ ሚሊዮንን ጠየቀ። ከዚያ ለሻሲው፣ ለፍሪሲዮኑ፣ ለወለሉ የሚወጣውን እየቀነሰ ሄደ። ሲጨርስ፣ «አርባ አንድ ሺህ። ከዚህ በላይ የሚከፍል ሰው ለመኪናዋ ሳይሆን ለሌላ ነገር ነው የሚከፍለው» አለ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። አርባ አንድ አለኝ። አጠገቤ ቱቦ በካፖርታቸው ሸፍነው የቆሙ ሽማግሌ እያሉ ዋጋ ወረደልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዋለ ሲገምት አንድ ጥያቄ ጠይቆ ነበር። «ቆጣሪው ከቆመ በኋላ ጅማ ብዙ ሄደዋል?» ሲል፣ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ «መሄዱስ ምንም አይደል። መመለሱ ነው» አሉት። እሱ ነገሩ አልገባውም፤ ለመመለሻውም ያንኑ ያህል ኪሎሜትር አስቦ አለፈ።

ዋጋውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ልጅ የመኪናዬን ታሪክ አያውቅም።»

ዋለ ሳቀ። «አባቴ፣ ስለማላውቅ አይደል እንዴ የተጠራሁት?»

 ቀስ ብለው እየተራመዱ ገቡ። ሲበዛ ውለታ ነው፤ ሲያንስ አታውቅም ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን ተናደድኩባቸው። ዋለን ግን አመሰግነዋለሁ፤ በነፃ መጥቶ፣ ተሰድቦ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ግንቦት 20

ሄጄ «አርባ ስምንት» አልኳቸው። ከእቁቡ ቀድሜ ልወስድ አስቤ ነው።

«እናስብበት» አሉ።

ገበያ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሲያወሩ ሰማሁ። «ብርቄ የታመመ ሰው ይዛ ዋጋ ታከራክራለች አሉ።» «እስኪሞት እየጠበቀች ነዋ፤ ከዚያ ከሚስቱ በርካሽ ልትገዛ።»

ቡናዬን ሳልገዛ ተመለስኩ። ሄጄ አስረዳቸዋለሁ አልኩ፣ አልሄድኩም። ዛሬ ምስጋና አልጽፍም።

ግንቦት 21

ትናንት ስላልጻፍኩ ቅር አለኝ። ህይወት ደህና ናት፣ ጤና ነኝ፣ ማሩ ተሸጧል። ተመስገን። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ትንሽ ትኩሳት አላቸው።

ግንቦት 26፣ ማታ

ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ማሩን ጅማ አስረክቤ በአውቶቡስ ስመለስ አንዲት ወጣት አጠገቤ ተቀመጠች። ዶሮ ታቅፋለች። ዶሮዋ ቀሚሴን ስትነካካ ይቅርታ ጠየቀችኝ። «ቦንጋ ላሉ አንድ ሾፌር ነው የምወስዳት» አለች። «ጥር ላይ ሞቼ ነበር። በሌሊት ከማንኪራ አውጥተው ጅማ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ሐኪሞቹ ሆዴን ቀደው አዳኑኝ። እስክጠነክር አጋሮ አክስቴ ጋ ከረምኩ።»

«ስምሽ ማነው?» አልኩ።

«የሺሃረግ።»

አፍጥጬ አየኋት። ልጅቷ ያስቀየመችኝ መስሏት ዶሮዋን ወደ ሌላ ጉልበቷ አዞረች። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ናና አምጣት እስኪባሉ የሚጠብቋት ልጅ ጎኔ ተቀምጣ ቆሎ ትበላለች።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ታየኝ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በሽተኛ አድርሰው ሆስፒታል በር ላይ ይለያሉ፤ እዚህ ሌላ ሰው ይጠብቃቸዋል። የዳነ ሰው በአውቶቡስ ተሳፍሮ በራሱ ይመጣል። እንደ የሺሃረግ ዘመድ ጋ ይከርማል፣ አገሩ ይገባል፣ ማር ይቆርጣል፣ ይረሳል። የሞተውን ግን አውቶቡስ አይጭነውም። ያኔ ነው ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ስልክ የሚደወለው። ይህን ሁሉ ዓመት ከጅማ ያመጡት የሞተ ሰው ብቻ ነው። አንድም የዳነ ሰው በዚያች መኪና አልተመለሰም!

ለዚህ ነው በተሳፋሪው ወንበር የማይቀመጡት። ስልሳም፣ ሃምሳ አምስትም፣ አርባ አንድም ያልሆነላቸው ለዚህ ነው። መኪናዋ ከተሸጠች መሄድ አለ፤ እሳቸው የሚያውቁት ከጅማ መመለሻ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ፈርተዋል። ያ ሁሉ ሰው የተደገፈባቸው ሰውዬ ፈርተዋል፣ እኔም ሐቀኝነታቸውን ሳመሰግን ከረምኩ። ባሌን ይዘው ሲመጡ እኔም መኪናዋ ውስጥ ነበርኩ እኮ! ከማንም በፊት ሊገባኝ የሚገባ እኔ ነበርኩ።

ይህችን ልጅ አጠገቤ ላስቀመጠ አምላክ ምን እላለሁ።

ግንቦት 27

የሺሃረግ እኔ ቤት አደረች። ጠዋት ይዣት ሄድኩ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ነበሩ፤ ፊታቸው ገርጥቷል። ልጅቷ ዶሮዋን ለእትዬ በዛወርቅ ሰጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋ፣ አወራቻቸው፤ እሳቸው ግን በአማርኛ፣ «ማን ናት?» አሉኝ፣ እያዩዋት።

«የሺሃረግ ናት። የማንኪራዋ።»

ብዙ ጊዜ አዩዋት። ፊቷን በእጃቸው ነኩት። «በምን መጣሽ?»

«በአውቶቡስ ነዋ አባ። በምን ልምጣ?»

ከትናንት ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። እንደመጣልኝ ተናገርኩ። «ጋሽዬ፣ የዳኑት በአውቶቡስ ነው የሚመለሱት። እርስዎ አላዩዋቸውም። አቶ ኢያሱ በምን ተመለሱ? እትዬ አልጋነሽ ልጃቸውን አዝለው በምን መጡ? ሚሊዮንስ? እነዚያ ተሳፋሪዎቼ ናችሁ ብለው ያባረሯቸው ገማቾች እኮ ሦስቱም ጅማ ሄደው የዳኑ ናቸው!»

 እትዬ በዛወርቅ ዶሮዋን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ሚሊዮን እህል ጫኝ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የመጣው» አሉ በመጨረሻ። «በክራንች። ተቆጥቼዋለሁ።» የሺሃረግን ደግመው አዩ። «ፈርቼ ነበር ብርቄ። ለበዛወርቅ እንኳ አልነገርኳትም። ያን መንገድ ተኝቼ የምመለሰው እየመሰለኝ።»

«አውቃለሁ።»

«መምህሩ ስንት ነበር ያለው?»

«አርባ አንድ።»

«ጎማዎቹ አዲስ መሆናቸውን ቆጥሯል?»

አልቆጠረም። ለመቀነስ እንጂ ለመደመር አልመጣም ነበር።

«እንግዲያው ከነጎማዎቿ አርባ አራት። ሻሲዋን ዛሬ ነገ ሳትይ አስበይጂ። ከሥር ገብተሽ ስታዪው በረንዳ ላይ ሆኜ አይቼሻለሁ፤ ያኔ ነው ላንቺ ማለቴ ልክ መሆኑን ያወቅሁት።»

እጄን ዘረጋሁ፣ መቱልኝ። ትክክለኛ ዋጋ ነው። ለኔ አልቀለለኝም፣ ለሳቸውም አልጎደለባቸውም፤ መኪናዋም አልተዋሸባትም። ውለታውን አልከፈልኩትም፣ ለመክፈልም አልሞከርኩም። እሱ እንዳለ ይኑር፤ ባለውለታ ሆኖ መኖርም ደስ ይላል።

ግንቦት 30

ውል ተፈረመ። ሊብሬው በእጄ። ነገ በጠዋት ጅማ። ነጂዋ እኔ! መንጃ ፈቃዴን ከሣጥኑ አውጥቻለሁ።

ሰኔ 1፣ ጅማ

ደረስን። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ጋቢና፣ በተሳፋሪው ወንበር ተቀመጡ። በሩ ሲዘጋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ከፈቱና እኔን መሳደብ ጀመሩ። «ሁለተኛ አስገቢ! ፍሬን ላይ አትተኚ፣ በማርሽ አውርጃት! ያቺን ጉድጓድ በግራ!» ያቺን ጉድጓድ በስሟ ነው የሚያውቋት። እትዬ በዛወርቅ መሐላችን ሆነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ለኔ ነጂነት ይሁን ለቀዶ ሕክምናው እንጃ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንለያይ፣ «ሲሻልዎ በመኪናዋ መጥቼ እወስድዎታለሁ» አልኩ።

«በጭራሽ! በዚህች መኪና ከጅማ አልመለስም። ብትመጪ ተደብቄ እጠብቅሻለሁ» አሉ። ሳቁ። ከሚያዝያ ወዲህ ሲስቁ ማየቴ ነው።

ሰኔ 5

እትዬ በዛወርቅ ከጅማ ቴሌ ደወሉ። ቀዶ ሕክምናው ተደርጓል። ደም ፈሷቸው ነበር፣ ቆሟል። መስመሩ ተቆረጠ።

ሰኔ 9

ዝናብ። ከጅማ የመጣ ሁሉ ይጠየቃል፤ ማንም አያውቅም። ዛሬ የሱቄ ስልክ ሲጮህ አላነሳሁትም። ነይ ውሰጃቸው የሚል ድምፅ የምሰማ መሰለኝ። ኋላ ሲታወቅ የማር ነጋዴ ነበር። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ይህን ሁሉ ዓመት ስልክ ሲጮህ ምን ይሰማቸው እንደነበር አሁን ገባኝ።

ሚሊዮን ሻሲዋን በየደው። ገንዘብ አልቀበልም አለ። በግድ ሰጠሁት።

ሰኔ 18

ትናንት በሰው በሰው ነገ እንመጣለን የሚል መልእክት ደረሰኝ። መናኸሪያ ሄጄ ከጠዋት ጀምሮ ጠበቅሁ። አቶ ኢያሱ መጡ፣ እትዬ አልጋነሽ መጡ፣ ሚሊዮን በዘይት ልብሱ መጣ። መምህር ዋለም በእግሩ እንደ ልማዱ። ጎጀብ ላይ ጭቃ ይዞት አውቶቡሱ ዘገየ። ምሳ አለፈ። 

ሲመጣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው። ሰው መውረድ ጀመረ። ወታደር ወረደ፣ ተማሪዎች ወረዱ፣ አንዲት ሴት ከነጆንያዋ ወረደች። ከዚያ በሩ ባዶ ሆነ። 

ከዚያ አንድ ካፖርት ታየ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ብረቱን ይዘው፣ እትዬ በዛወርቅ ከኋላ ካፖርቱን ይዘው፣ ቀስ እያሉ ወረዱ። ከስተዋል። ቱቦው የለም። ዞር ብለው አውቶቡሱን በንቀት አዩትና፣ «ይህ ሾፌር ማርሽ መቀየር ማን አስተማረው?» አሉ።

ማልቀሴን ያወቅሁት እትዬ አልጋነሽ በነጠላቸው ፊቴን ሲጠርጉኝ ነው። «ይግቡ ጋሽዬ፣ መኪናዋን ይዣለሁ፣ ቤት ላድርስዎ» አልኩ።

«አይ፣ በእግሬ ነው የምሄደው። ሰው ይየኝ» አሉ።

ሄዱም። በዋናው መንገድ፣ መሐል ለመሐል። የባንኩ ልጅ ወጥቶ ጨበጣቸው። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛዋን ከነሳሙናዋ ትታ ወጣች። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ አገኟቸውና መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟቸው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ትንሽ ተራመዱ። በየሱቁ በር ያለ ሰው እየወጣ ተከተላቸው። እኔ በአንደኛ ማርሽ፣ ባዶውን ፒክአፕ ይዤ ከሁሉም ኋላ ቀስ እያልኩ ነዳሁ።